የቤት ቁጥር

ሌሊት ሰባት ሰዓት፣ ኮዬ ፈጬ ዳር፣
ብሎክ መቶ ስድሳ፣ ምድር ቤት፣ ከሚያቃስት ማሽን ጋር
ተፋጥጫለሁ።

ቀን ከራጅ ክፍል ትርንጎ ደውላ፦
«ሰውዬው ሳንባውን ሊታይ ቢመጣ
ካንተ ስክሪን ላይ የቀሚስ ጥለት ወጣ፤
አረንጓዴ በአረንጓዴ፣ ጎድን የለ፣ ልብ የለ፣
‹የኔ ነው ወይ ይሄ?› እያለ ደረቱን ሲዳብስ ዋለ።»
እየሳቀች ነው የነገረችኝ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤
ካርዱን ከመርካቶ ያመጣሁት፣ ያገለገለ፣ በዱቤ፣
እኔው ነኝ፤ ዕዳውን ገና አልጨረስኩም።

አንድ ብረት ነው። ሦስት ቤት አድርጌ ከፍዬዋለሁ፤
አንዱ ለሂሳብ፣ አንዱ ለመዝገብ፣ አንዱ ለራጁ፤
ከሥራቸው አከፋፋዩ ከርነል አለ፣
ድምፁ የማይሰማ፣ የሁሉም ቁልፍ በእጁ፤
ሜሞሪውን ገጽ በገጽ እየቆረሰ ያድላል፣
ለእያንዳንዱም «የቤት ቁጥር ካንተ ይጀምራል» ይላል።
ደግ ውሸት ነው። ሦስቱም አምነውት ያድራሉ፤
ግድግዳ ተጋርተው ጎረቤት የለንም ይላሉ።

ጣጣው ድራይቨሩ ነው፤
እንደ ጀማሪ ባጃጅ ነጂ የሰጡትን ቁጥር አምኖ፣
ስዕሉን በጀርባው ጭኖ፣
ማንንም ሳይጠይቅ ይከንፋል፤
ያገኘው በር ላይ ያራግፋል፤
በሩ ግን የሌላ ነው፤ እናም በሐምሌ ደመወዝ ላይ
የአንድ ሰው ጎድን ተደፍቶ ያድራል።

ሎጉን አነባለሁ፣ ሺህ መስመር፣ አንድ ዓይነት ሙሾ፦
ቦታ ጠየቅሁ፣ ሰጡኝ፣ ሄድኩ፣ አጣሁት።
ሞዱሉን ነቅዬ መለስኩ፤ የድሮውን ከርነል አስነሳሁት፤
ሜሞሪ ጨመርኩለት፤
ባሰበት።
ሲያበሉት የሚከሳ፣ ይሄ ምን የሚሉት በሽታ ነው?

ደጅ ላይ ጋሪ ይንቋቋል፤
ውሃ ዛሬ በሌሊት ነው የመጣው፣
ጀሪካን የጫነ ልጅ «ብሎክ መቶ ስድሳ ሦስት፣
ሰባተኛ ፎቅ፣ የት ነው?» ሲል ዘበኛውን ጠየቀው።
ኦቦ ጉርሜሳ ባትሪውን ፊቱ ላይ አበራ፦
«በወረቀቱ ነው በመሬቱ?
በወረቀቱ ከጀርባ ነው፤ በመሬቱ ከቦዩ ማዶ።
እኔ መሬቱን ነው የማውቀው፤ እዚያ ውስጥ ያ ልጅ
ኮምፒውተር የሚጎረጉርበት የሽንብራ ማሳዬ ነበር፤
ጥጉ ላይ ማረሻ የሰበረብኝ ድንጋይ ነበር።
ወደ ላይማ እኔን አታስብ፤ ጉልበቴ ከአራተኛ አያልፍም።
ከደረጃው ሥር አራግፈው፤ ጎረምሳ ያወጣዋል።»

እጄ ኪቦርዱ ላይ ቀረ።
ከአራተኛ አያልፍም።
ካርዱ አሮጌ ነው፤ ከአራት ጊጋ በላይ ያለ በር አይታየውም፤
እኔ ደግሞ ሜሞሪ በጨመርኩለት ቁጥር
ቤቱን ወደ ላይ፣ ወደ ላይ ሰቀልኩበት።

ሁለት መስመር ጻፍኩ፤
ከደረጃው ሥር ማራገፊያ ይከፈትለት፤
ከመሄዱ በፊት ባለመሬቱን ይጠይቅ።
አጥፍቼ አስነሳሁት።

ማራገቢያው ጮኸ፤ ስክሪኑ ጠቆረ፤ ቆየ፤
መብራት ሄደ ብዬ ቀና ስል
የሰው ደረት መጣ፣ ጥርት ያለ፣
ጎድኑ እንደ ደረጃ በተራ የወጣ።
አረንጓዴው የለም።
ጮክ ብዬ ሳቅሁ፣ ብቻዬን።

ከቀኙ ትከሻ ዝቅ ብሎ ግን
የምስር ፍሬ የምታክል ነጭ ነጥብ ቀርታለች።
ደግሜ አስነሳሁት፤ አለች።
የሌላ ሰው ራጅ ከፈትኩ፤ የለችም።
ተመለስኩ፤ አለች።
ይቺ የካርዱ አይደለችም።

መዝገቡን አየሁ፦ አቶ ሸዋንግዛው፣ ስልክ የለም፣
ብሎክ ሰማንያ አራት፣ በር አሥራ አንድ።

ጃኬቴን ደርቤ ወጣሁ፦
«ኦቦ ጉርሜሳ፣ ብሎክ ሰማንያ አራት የት ነው?
በመሬቱ።»